የትከሻ ልኬት

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን ቻለ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እየለገመ ያስቸግረኛል። አስገቡልኝ ብዬ ግን ሰው አልለምንም።

እኔ ዘንድ ሆና ስለምትማረው ልጅሽ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ እኔው ልጻፍልሽ። አራት ቀን ሙሉ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቤት ዋለች። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የትምህርት ቤት ኮት ልሰፋላት የስፌት ሱቄ ውስጥ አቆምኳት። አለካኬን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ሜትሩን ይዤ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ትጽፋለች። አርባ ዓመት የሠራሁት እንዲሁ ነው። «ቀኝ ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ! ስፖንጅ ይግባበት፣ ጉድለቷ ይሸፈን!» አልኩ። ሁለት የክፍሏ ልጆች ተራ ይጠብቁ ነበር። በማግስቱ «ሚዛን መጣች!» ብለው ተቀበሏት።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። «እኔ በአንቺ ዕድሜ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ ፊደል የለየሁት ከጨርቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ማን አሞገሰኝና?» አልኳት። መስታወት ፊት ቆማ ግራ ትከሻዋን ወደ ታች ትጫናለች። ዞር እንኳ ሳትል «አባባ፣ አንተን ያላሞገሱህ የማያውቁህ ሰዎች ናቸው። እኔን ጎደሎ ያለኝ ግን የሚያውቀኝ ነው» አለችኝ።

ሰኞ ፈተና ነበራት፤ ከቀረች ዓመቱን ልትደግም ነው። ይቅርታ ማለት ደግሞ አይሆንልኝም፤ ደረቅነቴን ታውቂዋለሽ። ቅዳሜ ሱቁ በሰው ሲሞላ ጠራኋትና ሜትሩን ሰጠኋት። «ለኪኝ፣ ጮክ ብለሽ» አልኳት። በሹክሹክታ ጀመረች። ሴትዮዋ «ኧረ አልሰማሁም!» ስትላት ድምጿ ከፍ አለ። «ግራ ትከሻ ሦስት ጣት ዝቅ! ጀርባ ጎባጣ!» አንዱ ደንበኛ «ጎሽ የኔ ልጅ! ሜትሩ ከበቃሽ ምላሱንም ለኪልን» ቢል ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የቻልኩትን ያህል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስትጨርስ «እንዲህ ሆነህ እንዴት ልብስ ሰፊ ሆንክ?» ብላ ጠየቀችኝ። «መርፌ የሚይዘው ትከሻ አይደለም» አልኳት።

ሰፍቼ ከጨረስኩላት ኮት ላይ ስፖንጁን ራሷ ተርትራ አወጣችው። ሰኞ ያንኑ ኮት ለብሳ ተፈተነች። ልጆቹ «ሚዛን» ማለታቸውን አልተዉም፤ እሷ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልቋጭ ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺን እንዲሁ ጮክ ብዬ የለካሁሽ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር። ያን ቀንም ሱቁ ሙሉ ነበር። ያልኩሽን ቃል አልጽፈውም፤ አንቺም አልረሳሽውም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምትለብሺው ከሌላ ሱቅ የተገዛ ልብስ ነው። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጄ ዘመናዊ ናት» እያልኩ ኖርኩ።

እግርሽ እንቅፋት አይንካው፤ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። የመጣሽ ጊዜ፣ ፈቃድሽ ከሆነ፣ ደንበኞቹን አስወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ልኬቱንም እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ድምፅ ሳላሰማ።

አባትሽ