ሦስት ሰው የሰማው ቃል

ሎንግ ክሪክ፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 19፣ 2023

ይድረስ ለልጄ ለኮልተን፣

በዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? የላክሁልህ ጓንት ይድረስህ አይድረስህ እንኳ አላወቅሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ የገና ካርድ ብቻ የሚልክ ልጅ እናቱን ወሬ አስርቧታልና ወሬውን እኔው ላምጣው።

እኔ ያው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። ዴልበርትም ያው የተማሪ አውቶቡሱን ይነዳል፤ ጆሮው ደከመ እንጂ አፉ አልደከመም። በዚህ ሳምንት መምህሩንም፣ ነርሷንም፣ ምክትል ሸሪፉን ዶይልንም፣ እኛንም እሳት አደጋ አዳራሽ ሰብስበው ሁለት ቀን አሠለጠኑን። ነገሩ፣ ተማሪ ሲዝት የምሩን ይሁን የንዴቱን እንዴት ይለያል ነው። አሠልጣኟ ወይዘሮ ኦግደን ከቨርጂኒያ ነው የመጣችው። የባቄላና የስጋ ወጣችንን ከቀረፋ ዳቦ ጋር ስንበላ አይታ፣ «ምን ዓይነት አበላል ነው» ሳትል አብራን በላች። ያኔ ወደድኳት።

«የዛተ ሁሉ አያሰጋም፤ የሚያሰጋም ሁሉ አይዝትም» አለችን። ይቺ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ለልምምድ አንድ የቆየ ጉዳይ፣ ስሙ ተሰርዞ፣ ከመሳቢያ እንዳመጣ ተነገረኝ። እጄ ያንተን መዘዘ። አትቆጣኝ። ከትምህርት ቤት የተባረርክበትን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅደሩን ከፍቼው አላውቅም ነበር። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ቢሆን ምን ይሉ ይሆን? ይህንኑ ለማወቅ ጓጓሁና ስምህን በጥቁር ቀለም ደልዤ ሰጠኋቸው።

ዶይል ገና ገጹን ሳይገልጥ፣ «ይሄማ ምን ያወያያል? ትምህርት ቤቱን አቃጥላለሁ ብሏል» አለ።

«የቱ ጋ ነው ያለው?» አለ ዴልበርት።

«የሒሳብ መምህሩ ጽፈዋላ።»

«መነጽርህን አድርግ እንጂ፣ ሸሪፉ። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ‹ይቃጠል› ሲል ነው የሰማሁት ትላለች። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ‹ቢቃጠል ግድ የለኝም› ነው ያለው ይላል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ነገር። የልጁ የራሱ ቃል የታል?»

ሁላችንም ወረቀት አገላበጥን። አንተ ተጠይቀህ የመለስከው አንዲት መስመር የለም፣ ኮልተን። ማንም አልጠየቀህም። እኔም አልጠየቅሁህም።

ከዚያ ወይዘሮ ኦግደን አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «‹እናት በቤት ያለውን ጠመንጃ ቆልፋበታለች› ይላል። ቀኑን አያችሁ? ልጁ የተናገረው ማክሰኞ ነው። እናትየዋ የቆለፈችው እሑድ።»

«ሳይናገር በፊት ነዋ» አለ ዶይል።

«አዎ። የምታውቀው ነገር ነበር ማለት ነው። እሷንስ ለምን እንደቆለፈች የጠየቃት አለ?»

ዴልበርት ቀና ብሎ አየኝ። የማን ማኅደር እንደሆነ ገብቶታል። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

እጄን አወጣሁና «እናትየዋ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዶይል ባርኔጣውን አወለቀ።

ስድስት ዓመት የያዝኩትን ነገርኳቸው። አባትህን ከቀበርን በኋላ እህል መተውህን። ቅዳሜ ዕለት ውሻህን ለጎረቤት ሰጥተህ መመለስህን፣ «ለምን?» ብልህ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ማለትህን። እሑድ ጠዋት ሳትነቃ የጠመንጃውን ቁም ሣጥን ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ማክሰኞ ሁሉም ስለ ትምህርት ቤቱ ሲጨነቅ በራስህ እጅ እንዳላጣህ መስጋቴን ለማውራት አፈርኩ፤ ወሬኛዋ እናትህ ያን ጊዜ ብቻ ዲዳ ሆንኩ።

ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ በር ላይ «አንቺም ፈራሽኝ» አልከኝ።

አልፈራሁህም፣ ኮልተን። ፈራሁልህ።

እግዚአብሔር ከማዕበሉ ይሰውርህ፣ ጀልባችሁን በሰላም ያግባት። ወደብ ስትደርሱ ደውልልኝና ያን ቀን ያልከውን ራስህ ንገረኝ። ለወትሮው ሰው ሲያወራ ቃሉን ከአፉ እንደምቀማ ታውቃለህ፤ እስክትጨርስ ድረስ አላቋርጥህም።

እናትህ ማርሊስ