አባቴ አፉን የፈታበት

ጥር 13፣ ጠዋት፣ ሰቆጣ

ጉሮሮዬ አቧራ ብቻ። ትናንት መነኸሪያ የተቀበለኝ ሲሳይ ነው፤ የአባቴ እኅት ልጅ። ግብርና ጽ/ቤት ይሠራል። አማርኛዬ ገረመው። ስዊድን ተወልደሽ ከየት አመጣሽው አለኝ። ከአባቴ አልኩት፣ በኩራት። እራት ላይ ስዊድንኛ ካወራሁ አይመልስልኝም ነበር። «ያባትሽን ቋንቋ ተናገሪ!» ፊደል ያስቆጠረኝም በቁጣ ነው። ይኸው በዚያው ፊደል እጽፍልሻለሁ፣ ማስታወሻዬ።

ነገ ደሃና፤ አባቴ የተወለደበት ቀዬ።

ጥር 14፣ ማምሻ፣ ደሃና

መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር። እግሬ አብጧል። የምጽፈው ግን ስለ እግሬ አይደለም።

አክስቴ ንግሥት፣ የሲሳይ እናት፣ ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው ቁርጥ አባቴ። ሳሙኝ፣ አለቀሱ፣ ብዙ ተናገሩ። አንድ ቃል አልገባኝም። ለቅሶው ነው ቃሉን የዋጠው ብዬ አሰብኩ። ጎረቤቶች መጡ፣ ተናገሩ። እነሱም አልገቡኝም። ሲሳይን ምን እያሉ ነው አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ኽምጣና ነዋ። ያባትሽ ቋንቋ። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። አማርኛን ት/ቤት ገብቶ ነው የለመደው አለ ሲሳይ። ምግብ ቀረበ፤ አልበላሁም።

ጥር 15፣ ረፋድ

ተናድጃለሁ። አክስቴን በሲሳይ በኩል ጠየቅኳቸው። እሳቸው ለገበያ ያህል አማርኛ አያጡም።

አባቴ ለትምህርት ሰቆጣ ሲወርድ ልጆቹ ባነጋገሩ ሳቁበት። ቆሞ ባነበበ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ። ከዚያ ወዲህ ለእረፍት ሲመጣ ለገዛ እናቱ በአማርኛ ይመልስ ጀመር። እናቱ ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ዝም ብለው ያዩት ነበር አሉ።

አገር ጥሎ ከወጣ በኋላ ከሲሳይ ጋር በጽሑፍ ብቻ ይገናኛል። አክስቴ ድምፁን ከሰሙ ዘመናት አልፈዋል።

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ከሰዓት

ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። አክስቴን ደግፈን ወጣን። ደወልኩ። አባቴ አነሳ። አክስቴ እዚህ ናቸው ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ድምፁን ከፍቼ። ተናገሩ፣ በኽምጣና፣ ረጅም። አባቴ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ ጤናሽስ አለ።

አክስቴ ስልኩን መለሱልኝ። እኔም እንድሰማ በአማርኛ ነው የተናገሩት።

«ይህ ሰው ጨዋ ነው። ወንድሜ ግን አይደለም።»

አባቴ ሰምቷል። መስመሩ ተዘጋ።

እንዲህ ደንግጬ አላውቅም።

ጥር 16፣ ጠዋት፣ ጉብታው ላይ

ሲሳይ ሥራ አለበት፣ ዛሬ እንመለስ አለ። አልመለስም አልኩት። ትኬቴን አስለወጥኩ። አክስቴ ጋ እቆያለሁ፤ ቢያንስ ደኅና አደሩ ማለት እስክችል። ለአባቴም ይህንኑ ጻፍኩለት። ሌላ አልጨመርኩም።

አክስቴ ፍየሎቻቸውን ይዘው አብረውኝ ወጥተዋል።

ስልኩ ጠራ። አባቴ። ሰላም አላለኝም፤ እኅቴን አቅርቢልኝ ብቻ።

ድምፁን ከፍቼ ለአክስቴ ሰጠኋቸው። አይናገሩም፣ ይሰማሉ። አባቴ ነው የሚናገረው፤ እየተደናቀፈ፣ ቃል እየፈለገ፣ እያቆመ። እንዲህ ያለ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። አንድም ነገር አልገባኝም። አክስቴ አንዱን ቃል አቃኑለት። ደገመው። አልሆነም መሰለኝ፣ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እንደገና ሞከረው።