ምሕረቱና የሦስት ትእዛዝ ጣጣ

ውድ እትዬ ፊቤ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ደህና ነን፤ ያስቸገረን ብርዱ ብቻ ነው። “ልጄ ከክፍሉ ሊወርድብኝ ነው” ብዬ በስልክ አልቅሼ ካስደነገጥኩሽ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ።

አስተማሪዋ ያን ጊዜ ያስጠራችን ምሕረቱ እልኸኛ ሆነ ብላ ነበር። “ደብተርህን ዝጋ፣ እርሳስህን ሳጥን ውስጥ ክተት፣ ወደ ሰሌዳው ና” ስትለው፣ ደብተሩን እንደተከፈተ ጭኑ ላይ ይዞ ዊልቸሩን እየነዳ ሰሌዳው ጋ ከች ይላል። ስትቆጣው ደግሞ “መጣሁ አይደል?” ብሎ ይከራከራታል። አንቺ ቆንጠጥ አድርጊው አልሽኝ፤ አባቱ ዱካሞ ግን የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይዞን ሄደ።

ባለሙያዋ ከምሕረቱ ጋር ስትጫወት ቆየችና፣ “ጡንቻውን የሚያደክመው በሽታ አንዳንድ ልጆች የተደራረበ ቃል እንዳይዙ ያደርጋል። ልጁ ብልህ ነው። አንድ ነገር ንገሩት፤ ሲጨርስ ሌላውን። ጨዋታ ልታስቆሙት ስትሉም ቀደም ብላችሁ አስታውቁት” አለችን። ለአስተማሪዋም ይህንኑ አስረዳቻት።

በማግስቱ ሱቃችን ውስጥ ዱካሞን፣ “ዳቦውን ደርድር፣ ፍሪጁን ዝጋ፣ ለሴትዮዋ የስልክ ካርድ ስጣት” አልኩት። ዳቦውን ደርድሮ ቆመ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ምሕረቱ ከጥግ፣

“እማ፣ ለአባም አንድ በአንድ ንገሪው። ብልህ ነው” አለኝ።

ሴትዮዋ አማርኛ አይገባትም፤ የዱካሞን ፊት አይታ ግን እስኪያስላት ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ እንደገና ጠራን። ዱካሞ የሠርጉን ኮት ለበሰ። እኔ ታክሲው ውስጥ በልቤ ስጸልይ የምንወርድበትን አሳለፍኩ።

“ምሕረቱ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ይቀጥላል፤ ሒሳቡም ተሻሽሏል” አለች አስተማሪዋ። ገና ስንተነፍስ ቀጠለች፤ “የጠራኋችሁ ለሌላ ነው። ሁለት ነገር ባንዴ ካዘዝኩ እጁን አውጥቶ ያስቆመኛል። አሁን ክፍሉ በሙሉ እጁን ማውጣት ጀምሯል። ምን ላድርግ?”

ዱካሞ ትንሽ አሰበና፣ “እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ይለመዳል” አላት።

እትዬ፣ ከግቢው እስክንወጣ ሳቄን ያዝኩት። በሩ ላይ ስደርስ ግን የመጣው ሳቅ ሳይሆን ለቅሶ ነበር፤ የደስታ ነው፣ አትዘኚ። ምሕረቱ እሑድ ሊደውልልሽ አስቧል። ክርክር ካነሳብሽ አትግጠሚው፤ እስካሁን የረታው የለም።

ታናሽሽ መሰረት