ሽማግሌ ሳይልክ አገር ለሚያገባ ኩባንያ

ይድረስ ለክቡር የኩባንያው የአገር መረጣ ኃላፊ፤
ባሕር ማዶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ነው ወይ? እኛ በእስራኤል በረሃ በቤር ሼቫ ከተማ፣ ሊዘጉት በወሰኑት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ የስፌት መኪናዎቹ እስኪነቀሉ ድረስ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኩባንያዎ አገር የሚመርጥበትን ጥበብ አድንቄ አልጠግብም። እኛ ከጎንደር የመጣን ሰዎች ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ሽማግሌ እንቀበላለን፣ የሙሽራውንም ጠባይ ከሚያውቁት እንጠይቃለን። እርስዎ ግን ደመወዙ ማነሱን፣ ግብሩ መቅለሉንና ወደቡ መቅረቡን ብቻ ጠይቀው ያገባሉ። ከዚህ አድናቆት ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በእኛ ወግ ጥሎሽ የሚያመጣው ሙሽራው ነው። እርስዎ መሬቱንም የግብር እፎይታውንም ከሙሽራይቱ ተቀብለው ገቡ። የእፎይታው ጊዜ ባለቀ በዓመቱ የቤር ሼቫ ሙቀት እንደማይስማማዎ ታወቀዎት። በረሃ መሆኗን ቀድመን ስላልነገርንዎ ይቅርታ ያድርጉልን።

፪ኛ፦ ሚስቱን የሚፈታ ሰው እንኳ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል፤ እኛን የፈቱን ግን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ኦረን «ይህየ በሴደር»፣ ደህና ይሆናል፣ እያለ ያጽናናናል፤ ከዚያም በመኪናው ወደ ባለጸጎቹ ሰፈር ወደ ራሞት ይሄዳል። እኔ ወደ ድሆቹ ሰፈር ወደ ሽኩና ዳሌት የሚወስደኝን አውቶቡስ ቆሜ ስጠብቅ ፍርሃት ይይዘኛል። ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

፫ኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። አዲሷ እጮኛዎ ኢትዮጵያ መሆኗን ስሰማ፣ አልዋሽዎትም፣ ሳቄ መጣ። እኔ ከዚያ በአውሮፕላን ተጭኜ እዚህ ድረስ መጥቼ አገኘሁዎት፤ እርስዎ ደግሞ እኔን ትተው ወደዚያ ይበርራሉ። ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቅዎ ነበር።

ፋብሪካውን ሊያዩ ከኢትዮጵያ ለመጡት እንግዶች እንዳስተረጉም ስለመረጡኝም ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራዬን ከሚወስዱብኝ ሰዎች ጋር በገዛ ቋንቋዬ መጨዋወት ለካስ ደስ ይላል።

ክር እስኪቆረጥ ድረስ ታማኝ ሠራተኛዎ፣
ባይነሽ ዘርዑ
ከእጅጌ መስፊያው ክፍል፣ ቤር ሼቫ፣ 2007 እ.ኤ.አ.

ሳልረሳው፦ እንግዶቹ ሲሰናበቱ፣ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ጠጋ ብለው የሙሽራውን ጠባይ ጠየቁኝ። ወግ ነውና ሳልደብቅ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ኦረን ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ፣ ፋብሪካው አማረን አሉ ብዬ ተረጎምኩለት። እንግዲህ ከዚያ በኩል መልሱ ከዘገየብዎ አይቆጡ፤ ሰባት ቤትዎን እየቆጠሩ ነው።