ከጥቀርሻው ሥር የተገኘው ስም

በሩቅ ላለሽው ለምወድሽ እናቴ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሳሉም የወገብ ሕመሙም ለቀውሽ ያግኝሽ። እንደምን ከረምሽልኝ? የእመቤትሽን ቤት ደረጃ መውጣት መውረዱ አልቀለለሽም? እህል ይበላልሻል? ባለፈው «ሳሉ አልለቀቀኝም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ስትመልሺልኝ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ እንዳታልፊው። እኛ ደህና ነን። ደክሞናል እንጂ ደህና ነን።

ስለ አያቴ ሞተር ሳይክል «ሽጡት» ያልሽውን ለአባዬ አነበብኩለት። መፍቻውን ይዞ ጓሮ ወጣ። እንደምታውቂው የውሃ ፓምፕ ለመጠገን ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው በእግሩ ነው፤ ሲመለስ እግሩ አብጦ ጫማው በትግል ነው የሚወልቀው። ሞተር ሳይክሉን አድሶ ሊሄድበት ነበር ሐሳቡ። ስለዚህ ከሥራ መልስ ሁለታችንም ከጓሮው ቆርቆሮ ሥር ነን። እሱ ይፈታል፣ እኔ አጥባለሁ። ልብስ አጥቤ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ትንሿን እህቴን አጥቤ፣ ደግሞ ብረት ማጠብ። እጄ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይላል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም።

ጎረቤታችን በያጁ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ፣ «ይኼ እኮ ጡረታ የወጣ ነው፤ ለምን አታሳርፉትም?» እያለ ያበግነናል። አባዬም «አንተ ካልቀደምከው አያርፍም» ይለዋል። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ነዳጅ በሚያዝበት ሰልባትዮ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍና ከሥሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም አለ። አያቴ በልጅነትሽ በጨርቅ ያስወለውልሽ የነበረው እሱ ነው። አባዬ ለባለ መለዋወጫው ይህን ስም ነግሮ የፒስቶን ቀለበት አስመጣ። ሞተሩ ውስጥ አልገባም። እንደገና አስመጣ። እሱም እንቢ አለ፤ ገፋ ሲያደርገው እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰበረ። አባዬ ስብርባሪውን ለቅሞ በጨርቅ ቋጠረው። ከዚያ «እጄ አርጅቷል ልጄ፤ ሥራ ረስቷል» አለኝ። በማግሥቱ ፓምፕ ሊሠራም አልወጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልወጣም። ብረት ገዢው ቅዳሜ መጥቶ ሞተር ሳይክሉን በኪሎ እንዲወስደው ተነጋገሩ።

አሁን ለአንቺ የምነግርሽ ነገር አለ። ሁለተኛው ቀለበት ከመታዘዙ በፊት እኔ አውቅ ነበር። ሞተሩን በጥርስ ብሩሽ ሳሸው፣ ከጥቀርሻው ሥር ከብረቱ ጋር አብሮ የተሠራ ጽሑፍ ብቅ አለ። ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሰልባትዮው ላይ ያለው ስም አይደለም። ደግሜ አጠብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ግን ከስድስተኛ ክፍል የቀረች ልጅ ብረት አንብባ አባቷን ሥራ ታስተምራለች? ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። ራት ላይ ልናገር እልና ጨው አቀብለዋለሁ። መቼም ታውቂኛለሽ። ቀለበቱ ሲሰበርም ዝም አልኩ። «እጄ አርጅቷል» ሲልም ዝም አልኩ፤ ይኼኛው ነው አንጀቴን የበላው።

ዓርብ ዕለት ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ ጽሑፉ ላይ ለጠፍኩና በእርሳስ ፈተግኩት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አፌ እንቢ ስላለኝ ወረቀቱን አጥፌ የአባዬ ጫማ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ ጠዋት አንድ እግሩ ባዶውን፣ ወረቀቱን ይዞ ጓሮ መጣ። እጀታውን በክር ያሰረውን መነጽሩን አድርጎ ሞተሩ ሥር ተንበረከከ። ከዚያ ሳይቆጣ «መቼ ነው ያየሽው?» አለኝ። እግሬን እያየሁ ነገርኩት። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ያንቺ አፍ ግን ተዘግቶም ቀለበት በላ» አለና ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለ። ብረት ገዢውን ከበር መለሰው።

ባለ መለዋወጫው ወረቀቱን ሲያይ ራሱን ያዘ። ለካ ሞተር ሳይክሉን የሠራው ሌላ የእንግሊዝ ፋብሪካ ነው፤ ወፏን የለጠፈበት ከፋብሪካው ገዝቶ በራሱ ስም የሸጠ ነጋዴ ነው። በእውነተኛ ስሙ ሲፈለግ ቀለበቱ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ ለብሶ ተገኘ። በጣት ሲነካ ገባ። ትናንት ሞተሩ ተነሣ፤ ትንሽ አጓርቶ፣ ጓሮውን ጭስ በጭስ አድርጎ ጠፋ። ገና ብዙ ይቀረዋል። አባዬ ግን እጆቹን አገላብጦ አያቸውና «ደህና ናችሁ ለካ» አላቸው። ዛሬ ፓምፕ ሊሠራ ወጥቷል።

ሰልባትዮው ቀለም ሲቀባ የትኛው ስም ይደረግበት ብሎ ጠይቆኛል። የአባትሽ ንብረት ነውና አንቺ ወስኚ። እኔን ብትጠይቂኝ ወፏ ትቆይ፤ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። እኛ ትክክለኛውን ካወቅነው ይበቃል።

አባዬ «ሳሉን እንዳትንቂው» ብሎሻል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ «እማዬ ስትመጣ እንዳትስቅብኝ» ትላለች። አክስቴ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበቷ እንደነበረው ነው። በያጁም «ጡረታውን ሰርዤለታለሁ በያት» ብሏል።

አብራሽ ለምትሠራው ምግብ አብሳይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ፖስታው ላይ እንደ ሁልጊዜው እመቤትሽ ያወጣችልሽን ስም ጽፌያለሁ፤ በስምሽ ከላክሁት እንደማይደርስሽ ነግረሽኛል። አብሳይዋም በዚያው የምትጠራሽ ከሆነ ግን፣ እማዬ፣ እውነተኛ ስምሽን ንገሪያት። እዚያም አንድ ሰው ይወቀው። እኔ ዝም ብዬ ያመጣሁትን አይተሻል።

የማትናገረው ልጅሽ

ከጓሮው ቆርቆሮ ሥር፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወር በገባ በዘጠኝ