ካባህ ጀርባውን ለሰው አሳየ

አለቤ፣ የብርቱካን አባት፣ እንደምን ሰነበትክ። አንተን ከሸኘን ወዲህ ሁለተኛው መስከረም ጠባ። ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳህ የነበረው የድስቱ ጠብ ጠብ ቀርቷል። አንዳንዴ እሱም ይናፍቀኛል። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ቁርጥ አንተን ናት፣ ሲጎትቷት ትቆማለች፣ ሲተዋት ትከተላለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ካባህ ነው።

የባህል ቢሮው እዚህ ንፋስ መውጫ አዳራሽ ውስጥ የልብስ ዐውደ ርእይ ላዘጋጅ ብሎ ተነሣ፤ ድሮ የቤተ መንግሥት ሰዎች የለበሱትንና ዛሬ ዝነኞች የሚለብሱትን ባንድ ላይ ለማሳየት። አዘጋጇ ትዕግሥት የምትባል ወጣት ናት። ቅድመ አያትህ ከቤተ መንግሥት የተሸለሙት ካባ እኛ ዘንድ እንዳለ ሰምታ ቤት ድረስ መጣች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ሳነብ አገኘችኝና «እማማ ጥሩ፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?» አለች። ይሄን ግድግዳ ጨርሼ ወደ ጓዳው ተሻግሬያለሁ አልኳት። ሳቀች፤ ካባውን ብቻ ሳይሆን እኔንም ይዛ ሄደች። የቱ ልብስ ከየቱ ጎን ይቁም፣ ከሥሩስ ምን ይጻፍ የሚለው ሥራ እንዲህ ሆኖ ለእኔም ደረሰ።

ብታየው ደስ ይልህ ነበር። ከስማዳ የመጣ የመኳንንት በርኖስ አለ፣ ከእስቴ ደግሞ የወይዘሮ ጥልፍ ቀሚስ። የአካባቢያችን ልጅ የሆነችው ዘፋኝ የመድረክ ጃኬቷን ልካለች፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። ትዕግሥት የጥንቱን በቀኝ፣ የዛሬውን በግራ ልትለያቸው ነበር። እኔ ጃኬቱን ገልብጬ ውስጡን አየሁት። የክሩ ቋጠሮ ልክ እንደ ካባህ ውስጥ የተመሰቃቀለ ነው። ሁለቱም ከሩቅ እንዲታዩ የተሰፉ ናቸውና ጎን ለጎን ይቁሙ አልኳት። ጥቂት ተከራከረችኝና እሺ አለች።

ጭንቁ የመጣው ካባህ ላይ ስንደርስ ነው።

መቼም አልረሳኸውም። አንተ ለሙግት ደብረ ታቦር ሄደህ ሳለ ብርቱካን በትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ልትዘፍን ሆነች። ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ያለችው ዘፋኝ የለበሰችው ጥቁር የከፋይ ሰደርያ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከፋይ ያለው ደግሞ ካባህ ነው። ጀርባውን ማን ያየዋል ብዬ ከመሃሉ ቆረጥኩ፤ በቦታው የጥቁር ቴትሮን እራፊ ጣፍኩ። ልጃችን አምሮባት ዘፈነች። አንተ በጥምቀት ካባውን ለበስከው፤ እጅህ እራፊውን ያገኘው ሰው መሃል ከቆምክ በኋላ ነው። ቤት ስትገባ «ጀርባዬን በረደኝ» አልክ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንድ ቀን አንስተኸው አታውቅም። እኔ ግን ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ካባውን በለበስክበት ሁሉ ጀርባህን ለሰው አልሰጥ አልክ። ሰርግ ቤት ግድግዳ ተደግፈህ ትቆማለህ፤ ስትወጣም እጅ እየነሳህ ወደ ኋላህ ትሄዳለህ። አገሩ ይህን አይቶ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ አለባቸው ነው አለ። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም። እንዲህ ያገኘኸው ስም ነው አሁን እጄ ላይ የወደቀው።

ትዕግሥት እራፊው እንዳይታይ ካባውን ግድግዳ ላይ እንስቀለው አለች። እፎይ አልኩ። በማግሥቱ ብርቱካን ከባሕር ዳር መጣች፤ ያን ሰደርያ ለዐውደ ርእዩ ይሁን ብላ ይዛዋለች። ጨርቁ ከየት እንደመጣ ነግረናት አናውቅም። ካባው ጀርባ ላይ ስታኖረው ልክ ገጠመ። «አባዬ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። ያውቅ ነበር አልኳት። እሷ ሰደርያውን እየዳበሰች ስታለቅስና ስትስቅ፣ እኔ ስለ ግድግዳው አሰብኩ። ካባው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰው የሚያከብርህ ባልነበረህ ሥርዓት ነው። የነበረህን ማንም ሳያየው ሊቀር ነው።

የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ፈልጉልኝ አልኩ። ከልብስ ቤት አንድ ተገኘ፤ እንደ አንተ ራሰ በራ ነው፣ ቁመቱ ግን ስለሚበልጥህ ካባህ አጥሮበታል። ከአዳራሹ መሃል፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርገን አቆምነው፤ ሰደርያውን አጠገቡ። ከሥሩ በእጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከቤተ መንግሥት የተሸለመ ካባ። ጀርባውን የባለቤቱ ሚስት ለልጇ ሰደርያ ቆረጠችው። እሱም ሰው እንዳያማት ብሎ ዕድሜውን ሁሉ ሸፈነላት።»

አዳራሹ የተከፈተ ዕለት ጎረቤታችን መሪጌታ ቀድመው ገቡ። ካባውን ዞሩት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የጻፍኩትን ጮክ ብለው አነበቡ። መሪጌታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ምነው ጥሩ፣ እኔ እኮ እሱን አይቼ ነው ከየሰርጉ ዳስ ወደ ኋላዬ ስወጣ የኖርኩት። ተማሪዎቼንም አስተምሬያለሁ» አሉ። አንዲት ሴት ከኋላ «የልጄ ሰርግ ላይ የጠላ ጋኔን የሰበሩት ለዚህ ነዋ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ መሪጌታ ካባህን እንደገና ዞሩትና እራፊው ፊት ቆመው እጅ ነሱ። ሌላውም ተከተላቸው።

ትዕግሥት፣ ጎንደር ውስጥ እራፊውን ደህና አድርጎ የሚያድስ ባለሙያ አለ ብላኝ ነበር። አይነካም አልኳት። ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ካባህ ወደ ሳጥኑ አይመለስም፤ ቤታችን፣ ያነበብኩት ግድግዳ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጌ እሰቅለዋለሁ። ይህ ምንድነው ላለኝ ሁሉ አንተን እነግረዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሳልሰለች እነግረዋለሁ።

ትናንት ማታ አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ብቻዬን ካባህ ፊት ቆየሁ። ከዚያ እጅ እየነሳሁ ወደ ኋላዬ ሄድኩና የበሩ ደፍ ላይ ተደናቀፍኩ። ዘበኛው ክንዴን ያዘኝና «እማማ፣ እርስዎም ጀመሩ?» አለኝ።

ጀመርኩ አልኩት።

ያንተዋ ጥሩ