የእትዬ ሸዋርካብሽ ድድ

ሠርኬ፣ ፖስት ካርዱ ፎቶ ላይ ያለውን ፎቅ እርሺው። እኔ የምውለው መርካቶ እህል በረንዳ፣ በጆንያ መሃል፣ የሰው አፍ እያስከፈትኩ ነው። የመጣነው ድድ የሚያበላሸው ባክቴሪያ ከሰው ሰው በዘረመሉ ምን ያህል እንደሚለያይ ልናጠና መሆኑን ነግሬሽ የለ።

ዛሬ ሁለተኛ ናሙና ልንወስድ ጆንያ የሚሰፉ አንዲት ሴት ዘንድ ተመለስን፤ እትዬ ሸዋርካብሽ ይባላሉ። ልክ እንደ እናትሽ ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። ሲስቁ ያምርባቸዋል፤ ጥቁሩ ግን ቁስሉን ደብቆታል። ድሮ ሲባጎውን በጥርሳቸው ነበር የሚበጥሱት፤ አሁን በምላጭ ሆኗል።

አለቃችን ዶክተር መስፍን ፊቱ በርቶ፣ «እናቴ፣ በእርስዎ አፍ ውስጥ አንዱ ባክቴሪያ ብቻ አራት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ እስካሁን አላጋጠመንም» አላቸው።

እሳቸው የላላ ጥርሳቸውን በጣታቸው እያነቃነቁ፣ «ታዲያ መድኃኒቱን ይዛችሁልኝ መጣችሁ?» አሉ።

ሕክምና የጥናቱ አካል እንዳልሆነ በትህትና አስረዳቸው። አንዴ አዩትና አፋቸውን ከፈቱልኝ። ናሙናዬን ወሰድኩ። ደማቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ስፌታቸው ዞሩ።

እኛ ደብረ ማርቆስ የታመመ ሰው ጋ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። እዚህ ሁለቴ ባዶ እጃችንን ሄደን ሁለቴም ይዘን ተመለስን።

ቦታው አለቀብኝ። ትንሹን ቦጋለን ሳሚልኝ። ለእናትሽም በጣም እንደናፈቁኝ ንገሪያቸው፤ ጥርሳቸው መነቃነቅ ከጀመረ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው እንጂ እኛ ዘንድ እንዳታመጪያቸው።

አዲስዓለም